ባሻ ሽብሩ የሸሹት እጅ

ሰው ሲናደድ እንደ ድንጋይ የሚወረውራት አንዲት ተረት አለች። ርስቱን ከተቀማው፣ ከወንድሙ ከተጣላው፣ ምራቷን ካልወደደችው ሁሉ አፍ አትጠፋም። እርግማን ትመስላቸዋለች። እኔ ግን መነሻዋን ከአያቴ ስለሰማሁ እንዲያ ሲሏት ቅር ይለኛል። መጀመሪያ የተናገሯት ሰው ማንንም አልረገሙባትም።

በይፋት ቆላ ባሻ ሽብሩ የሚባሉ ሰፊ ማሳ ያላቸው ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው አንድ ነው፤ አድማሱ ይባላል፤ ጎልማሳ ሆኖ ገና አላገባም። ባሻ ጅብ አይፈሩም፣ ሽፍታም አይፈሩም፤ የሞት ስም ሲነሳ ግን ፊታቸው ይገረጣል። ሚስታቸው ስትሞት እንኳ በሬ ጠፋብኝ ብለው ወንዝ ተሻግረው የተመለሱት በሰልስቷ ነው። ምኑ እንደሚያስፈራቸው አንድ ቀን ተጠይቀው ተናግረዋል። ስቃዩም አይደለም፣ ሲኦልም አይደለም።

‹‹እኔ ዝም ብዬ ተጋድሜ፣ የማላውቀው እጅ ልብሴን ሲገፍፈኝ ይታየኛል›› አሉ።

ያ እጅ የማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዘውገ የሚባል ድሃ ሸማኔ ነበር፤ ወንድ ሲሞት አጥቦ የሚገንዘው እሱ ነው። ባሻ ይህን ሰው አምርረው ጠሉት። መንገድ ላይ ሲያገኙት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይከታሉ። እሱ የሸመነውን አይለብሱም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው አቋራጭ በማሳቸው ጠርዝ ያልፍ ነበርና እሱንም በእሾህ አጠሩት፤ ሬሳ የተሸከመ ሁሉ በገደሉ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። ለቅሶ ሲጠሩ ‹‹ማን ሞተ?›› አይሉም፤ ‹‹በየት በኩል ነው የሚያልፈው?›› ነው የሚሉት። መንደርተኛው በዚህ ይስቅባቸው ነበር። ከሳቁ ሥር ግን ቂም ነበረበት፤ ለቅሶ ላልደረሰ ሰው ማንም ለቅሶ አይደርስለትም።

አንድ ዓመት ዝናቡ በዛና በሽታ ገባ። ንዳድ ይሁን ሌላ አያቴም አታውቅ። በየቤቱ ሰው ረገፈ፤ አድማሱም ተኛ። ባሻ ልጃቸውን ቤት ውስጥ ትተው ደጅ ካለው የማሽላ መጠበቂያ ማማ ላይ ወጡ። ጠዋትና ማታ በቅል ውሃ ሞልተው ደጃፉ ላይ ያስቀምጡና ይሸሻሉ። ልጁ መጀመሪያ እየዳኸ ይወስድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ‹‹አባቴ፣ ይግቡና ያጠጡኝ›› ብሎ ተጣራ። ባሻ ማማው ላይ ሆነው ሰሙት። ደጃፉ ላይ አለልህ ብለው መለሱለት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አድማሱ እጁን ወደ ቅሉ እንደዘረጋ ሞቶ ተገኘ። ቅሉ ሙሉ ነበር።

ባሻ ጮኹ። ማን ይምጣ? ገሚሱ የራሱን ሬሳ ይቀብራል፤ ገሚሱ እየሰማ እንዳልሰማ ሆነ። እኔ አልፈርድበትም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን አንድ ሰው በገደሉ በኩል ዞሮ መጣ፤ ዘውገ ነው። ሬሳውን አየና ውሃ አሞቀ። ከዚያ ባሻን ጠራቸው። ከማማው አልወርድም አሉ።

‹‹ብቻዬን አላገላብጠውም፤ ትልቅ ሰው ነው። ራሱን ይያዙልኝ›› አላቸው።

‹‹አልችልም። አንተ ለምደኸዋል።››

‹‹አልለመድሁትም። መጀመሪያ ያጠብሁት ወንድሜን ነው፤ እስከ ዛሬም ሳጥብ የሱ ፊት ይታየኛል። የማያውቁት ነገር አይደለም፣ ባሻ፤ ልጅዎ ነው። ይውረዱ።››

ወረዱ። ከመሰላሉ ሁለት ጊዜ ተንሸራተቱ። የልጁን ራስ ሲይዙ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ዘውገ ያጥባል። እግሩ ጋ ሲደርስ ባሻ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለ። አድማሱ በሰባት ዓመቱ የተቆረጠው ነው፤ ያን ጊዜ ነጠላቸውን ቀደው ያሰሩለት እሳቸው ናቸው። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ውሃውን ከዘውገ እጅ ተቀበሉና ራሳቸው ያጥቡት ጀመር፤ ፊቱን፣ ከጆሮው ኋላ፣ የጣቶቹን መካከል።

‹‹ሞት መስሎኝ የሸሸሁት ልጄን ነው›› አሉ።

ዘውገ መገነዣ ጨርቅ አቀበላቸው።

የዚያኑ ዕለት ባሻ እሾሁን በገዛ እጃቸው ነቅለው ልጃቸውን በአቋራጩ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ የወንድ ሬሳ ባለበት ቤት ሁሉ ከዘውገ ጋር እየገቡ ያጥባሉ። ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልለቀቃቸውም፤ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እያለ አለቀ። ሐዘኑ ግን አላለቀም። ውሃ የተሞላ ቅል ባዩ ቁጥር ያለቅሱ ነበር።

በመጨረሻ በሽታው እሳቸውንም ጣላቸው። የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ሰንበት ሊያናዝዟቸው ሲመጡ፣ ዘውገ ራስጌያቸው ተቀምጦ በጠብታ ውሃ ሲያጠጣቸው አገኙት። ባሻ ንስሐቸውን ጨርሰው ስለ ንብረታቸው ተጠየቁ። ማሳውም ቤቱም የዘውገ ይሁን አሉ። ዘውገ አልፈልግም ብሎ ሊነሳ ሲል እጁን ያዙት።

‹‹የምታጥበኝ አንተ ነህ። አሁን የማውቀው እጅ ነው፤ አልፈራም›› አሉት።

በማግስቱ ሞቱ። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ አንድ የሩቅ ዘመዳቸው አጉረመረመ። በማሳቸው ጠርዝ እንኳ አታልፍም የተባለ ሸማኔ ዛሬ ባለ ማሳ ከሆነ፣ ባሻ አእምሯቸውን ስተው ነው እንጂ በጤናቸው አይደለም አለ። መምሬ ወልደ ሰንበት መንገዱ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው በእንባ ርሷል።

‹‹አጠገባቸው ነበርሁ፣ ልጄ፤ አልሳቱም›› አሉት። ‹‹የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።››