በስውር የገባ ማርሽ

ሰው ያልተቀመጠበት መኪና ሲነሳ፣ ቁም የሚለው ማን ነው?

አንዲት እናት ይህን ጥያቄ ይዘው ሰነበቱ። ልጃቸውን ጠየቁት፤ ሳቀባቸው። ምራታቸውን ጠየቋት፤ «እማማ፣ ዘመኑ ነው» አለቻቸው። እስኪ እናንተ ብትጠየቁ ምን ትላላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ደብረ ብርሃን ከልጃቸው ከእንዳልካቸው ጋር ይኖራሉ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሳችሁ ታውቃላችሁ፤ በኅዳር ጠዋት ውርጩ የመኪና መስታወት ላይ እንደ ጨው ይጋገራል። የእንዳልካቸው መኪና ደግሞ ከአባቱ የወረሰው፣ በዕድሜ እሱን የሚበልጥ አሮጌ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ከተነዳ ያስላል። የአምስት ዓመቷ ልጁ ሶልያናም አስም አለባት፤ ብርድ ካገኛት ታስላለች።

«ሁለት ሳል አልችልም» አለ እንዳልካቸው። «በሪሞት የሚነሳ አስገጥምለታለሁ። ከመኝታ ቤት ሆኜ እጫነዋለሁ፣ ቁርስ እስክንበላ ይሞቃል፣ ልጄ ሞቅ ያለ መኪና ውስጥ ትገባለች።»

ይህ ክፉ ሐሳብ ነው? አይደለም። የአባት ሐሳብ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ግዛው የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን መጣ። ሁለት ዓይነት ዕቃ ይዞ ነበርና ኮፈኑ ላይ ዘረጋቸው።

«ይሄኛው ብልጥ ነው» አለ። «አቁመኸው ከወረድክ በኋላ አንድ በር ከተከፈተ፣ ሰው ነካክቶኛል ብሎ በሪሞት አልነሳም ይላል። ግን በሩ መከፈቱን የሚነግረው ማብሪያ መሥራት አለበት። ያንተዎቹ…» የሾፌሩን በር ከፍቶ ዘጋው፤ የውስጡ መብራት አልበራም። «ያንተዎቹ ከደርግ ጋር ነው የወደቁት።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው የዋህ ነው። ያዘዝከውን ያደርጋል። አንዴ ካልተነሳ ራሱ ይደግማል፤ እስከ ሦስት ጊዜ ይሞክራል።»

«የዋሁን አድርግልኝ። ከእኔ በቀር የመኪናውን በር የሚከፍት የለም።»

ግዛው ጣቱን አነሳ። «እንግዲያው አደራ። ከዛሬ ጀምሮ ማርሽ አስገብተህ እንዳታቆም። ፎሌ ታደርጋለህ፣ የእጅ ፍሬን ትይዛለህ፣ በቃ። ማርሽ እንደገባ ሪሞቱን ከተጫንክ መኪናው ወደ ፊት ይዘላል። ፊቱ ማን እንዳለ አያይም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሰሙ። ፎሌ ማለት ማርሹን ከምንም ሳያይዙ መተው መሆኑን ያውቃሉ። ባለቤታቸው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ነበሩ፤ «መኪና በቅሎ ነው፣ ማርሽ ገመዱ ነው፤ ሳታስሪው አትመኚው» ይሏቸው ነበር። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን ደግሞ ከላላ ቆይቷል። ግቢው ወደ ቆርቆሮው በር ያዘቀዝቃል። በሩ አጠገብ ቧንቧ አለ፤ ሶልያና ጠዋት ጠዋት ፊቷን የምትታጠበው እዚያ ነው።

ያልታሰረ መኪና ከላይ፣ ሕፃን ከታች። እናንተ ብትሆኑ እንቅልፍ ይወስዳችኋል?

ታዲያ ምን አደረጉ? «ልጄ፣ ፈርቻለሁ፤ ይህ ነገር አላማረኝም» አሉ? አላሉም። ዳግም እንዳይስቅባቸው ሰጉ። እንዳልካቸው ከሥራ ገብቶ ራት ሊቀርብ ሲል፣ ቀስ ብለው ወደ ግቢው ወጡ። የማይቆለፈውን የመኪናውን በር ከፍተው፣ ባለቤታቸው እንዳሳዩአቸው ፍሪሲዮኑን ረግጠው ማርሹን አንደኛ ላይ አስገቡት። በነጋታው ማንም ሳይነሳ ወጥተው ወደ ፎሌ መለሱት።

ማታ ማሰር፣ ጠዋት መፍታት። አንድ ቀን ሆነ። ሁለት ቀን ሆነ። አራት ቀን ሆነ። ማንም አላወቀባቸውም። ወገኖቼ፣ ተደብቀን የምንሠራው ነገር አራት ቀን ሲሳካልን ጥበብ ይመስለናል።

ሐሙስ ጠዋት እንዳልካቸው ከወትሮው ቀድሞ ሥራ መግባት ነበረበት። ለእናቱ አልነገራቸውም፤ ምን ብሎ ይነግራቸዋል? ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋቢያቸውን ደርበው ሊወጡ ሲሉ ምራታቸው ሰናይት ጠራቻቸው።

«እማማ፣ የሶልያናን መድኃኒት የት አደረጉት?»

መሳቢያው ውስጥ ሲፈልጉ ቆዩ። ጨርቅ አነሱ፣ ብልቃጥ አነሱ። ሕፃኗ በጎናቸው አልፋ ወደ ቧንቧው ወጣች። አባቷ የሚጫንበት መስኮት ከመኪናው ኋላ ነው፤ ቧንቧው ከዚያ አይታይም።

መኪናው ሲያጓራ ሰሙ።

በረንዳው ላይ ሲደርሱ መኪናው እንደተደናቀፈ ሰው ወደ ፊት ዘለለና ቆመ። ሶልያና ሳሙናው በእጇ እንዳለ ዞራ አየችው። መሪው ላይ ሰው የለም። ሕፃን ልጅ ሰው የሌለበት መኪና ሲመጣባት ወዴት እንደምትሸሽ በምን ታውቃለች? ቆማ ቀረች።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ቁጥሩን ያውቁ ነበር። እስከ ሦስት ጊዜ።

ሁለተኛ ዘለለ። በስልሳ ስምንት ዓመት ጉልበታቸው ሮጡ፤ የልጅቷን ቀሚስ ጨምድደው ሳቧትና እርጥቡ መሬት ላይ አብረው ወደቁ። በሦስተኛው ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ቧንቧውን ገንድሶ ከቆርቆሮው በር ጋር ተላተመና ሞተሩ ጠፋ።

ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ «ተመስገን» ብለን ወደየቤታችን በሄድን። ግን አላበቃም።

ሰናይት ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ባሏን አየችው። «ሰውየው አንድ ነገር ነው አደራ ያለህ» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ።»

«ፎሌ አድርጌዋለሁ።»

«ታዲያ መኪናው ራሱ አስገባው?»

እንዳልካቸው ገብቶ ማርሹን ነካ። አንደኛ ላይ ነው። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«እማዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባባም እንዲህ ነበር አይደል የጀመራቸው?»

አባቱ ከመሞታቸው በፊት የመርሳት በሽታ ይዟቸው ነበር። በመጀመሪያ ቁልፍ ረሱ፣ ቀጥሎ የሚያውቁትን መንገድ፣ በመጨረሻ የልጃቸውን ስም። እንዳልካቸው ገና አርባ አንድ ዓመቱ ነው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ጊዜ መናገር ነበረባቸው። ሦስት ቃል ናት፤ «እኔ ነኝ ያስገባሁት።» እስከ ከንፈራቸው መጣች። ግን ሰናይት እያየቻቸው ነው። ይህን ከሰማች ከእንግዲህ ልጅቷን ለእኔ ትታ ትወጣለች? ብለው አሰቡ። ፈሩ። ምን አሉ መሰላችሁ?

«እግዚአብሔር ነው ያተረፋት። እሱ ይመስገን።»

ውሸት ነው? አይደለም። እውነት ነው፤ ግን ተከለሉበት። የአምላክን ስም እንደ መጋረጃ ሳቡት።

አያችሁ? የመጀመሪያው ፍርሃታቸው ለልጅቷ ነበር። ሁለተኛው ለራሳቸው ሆነ። የፍርሃቱ ባለቤት ሲለወጥ አላወቁትም፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ዝም በይ።»

እናንተስ? ለልጄ ብላችሁ፣ ለቤቴ ብላችሁ ተደብቃችሁ ያስገባችሁት ማርሽ የለም? ሐኪም የነገራችሁን ለብቻችሁ የያዛችሁ የላችሁም? የልጃችሁን ስልክ ከፍታችሁ የሰው መልእክት ያጠፋችሁ፣ «ለእሷው ብዬ ነው» የምትሉ የላችሁም? እኛ አሮጊቶች ደግሞ በዚህ እንብሳለን፤ ፍቅራችን እጅ አለው፣ አፍ የለውም። ለሚወዱት ሰው መፍራት ኃጢአት ነው አላልኩም። ማን ሳይፈራ ልጅ ያሳድጋል? ግን ፍርሃታችሁን ንገሩት። ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ጫማ ሳታወልቁ ንገሩት። ይሳቅባችሁ። ሳቅ አጥንት አይሰብርም። ጥፋት ከሆነም ያደረጋችሁት፣ ትኩስ እያለ ንገሩት፤ ሲያድር ሌላ ሰው ይሸከምላችኋልና።

ወይዘሮ ጥሩወርቅም እኮ ሊናገሩ ወስነው ነበር። ልጅቷ ትረጋጋ፣ ሰናይት ትብረድ፣ ከዚያ እናገራለሁ አሉ። ሻይ ቀርቦ ሁሉም ተቀመጡ።

እንዳልካቸው ሻዩን አልነካውም። ሪሞቱን ከነቁልፉ ከኪሱ አወጣና ሚስቱ ፊት አስቀመጠው። ልጁን ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ እጁን እንደማያምነው ሰው መልሶ ሰበሰበው። እናቱ «እንዳልክ» ብለው ተነሡ፤ ሰናይት ቀና ስትል ግን የስኳሩን ዕቃ አንሥተው ወደ ጓዳ ሄዱ። እንዳልካቸው ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ፣ «ሳይብስብኝ ሐኪም ይየኝ» ብሎ ከቤት ወጣ።