ከደጅ የተመረቀ ቤት

ጣሪያው ሰማይ የሚያሳይ፣ ግድግዳው የዘመመ ቤት የነበራቸው አንድ ፊታውራሪ ነበሩ አሉ። ቤት የሌላትን አንዲት ልጅ በሽማግሌዎች ፊት አቁመው፣ «ያባቴን ቤት ከናቅሽ ትገረፊያለሽ፤ ከወደድሽው ደግሞ በበሬሽ ትገዢዋለሽ» አሏት።

ልጅቷ ያላት ያ አንድ በሬ ብቻ ነው። አፏ ግን አልተሳሰረም።

«ኧረ እኔ ማን ነኝና እንቃለሁ፣ ጌታዬ! ወድጄዋለሁ። ብቻ ሻጭ ገብቶ፣ ምሰሶውን ይዞ መርቆ ነው የሚያስረክበው። ይግቡና ይመርቁኝ።»

ሽማግሌዎቹም «እውነቷን ነው፣ ወጉ ነው» አሉ።

ፊታውራሪው አንድ እግራቸውን እንዳስገቡ ምሰሶው ቋ ሲል ሰሙና ወደ ኋላ ዘለሉ።

«ግድ የለም ልጄ፣ ከዚሁ ከደጅ ልመርቅሽ!»

«አሜን ጌታዬ! እርስዎ ቤቱን ከሩቅ ከመረቁልኝ፣ እኔም በሬዬን ከሩቅ ላሳይዎትና ልሂድ።»