ዳልቻ፣ ጉሎና ኦርኪድ

ተረት አለኝ፤ ጆሯችሁን አቅርቡ።

በ1961 ዓ.ም. ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ዝናቡም አላባራ አለ። ገበሬው ጓንጉል ከጫካ ኦርኪድ የሚባል አበባ አምጥቶ ቤት ውስጥ ምሰሶው ግርጌ አሰረ። በሩ አጠገብ ደግሞ ጉሎ በቅላ ነበር። የውሻዋ የዳልቻ ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ እናቱ ሰጋች።

«እመት ጉሎ፣ ልጄ ቢበላሽ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል ትያለሽ? ሰው እንኳ ዘይቴን ለመድኃኒት ይጠጣል! ይልቅ ያቺን የጫካ መጤ ጠርጥሪ።»

«ስለ ዘይትሽ መች ጠየቅሁሽ? ፍሬሽን ነው እንጂ።»

ጉሎ ፍሬዋን በቅጠሏ ሸፈነች። ዳልቻ ወደ ኦርኪድ ዞረች። «አንቺስ?»

«መርዝ የለብኝም። አብዝቶ ከበላኝ ግን ሆዱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል። ደግሞ ለኔም እዘኚልኝ፤ ገና ትናንት ማበቤ ነው።»

ዳልቻ ቡችላዋን በማጅራቱ አንጠልጥላ ኦርኪድ ሥር አስተኛችው። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ በጉሎ ላይ ጥርሷን አሳየች።

ጓንጉል ውሻዋን አየ፤ ጉሎንም አየ። «ልክ ነሽ፤ ፍሬዋ መርዝ ነው» አላት። ገጀራውን አንስቶ ጉሎን ከሥሯ ቆረጠ፤ ፍሬዋንም አንድ ሳይቀር ለቅሞ ቀበረ። ኦርኪድን ግን ቡችላው እንዳይደርስባት አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ አሰራት።