ዘርፌ ከወጣች በኋላ

«የራሱ ድርጅት ያለው አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር አጥናፉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የድሮ ተማሪያቸው ትርሲት ግን የሥራ ነገር ሲከብዳት አሁንም እየመጣች ታማክራቸዋለች። ያን ዕለት የመጣችው በምትሠራበት የኮምፒውተር ድርጅት የአንድ ክፍል ኃላፊ ሆና በተሾመች ሰሞን ነበር። «በየስብሰባው እየተነሣ የሚያማርር አንድ ሠራተኛ አለኝ። የሌሎቹንም ልብ ያሻክራል። አለቆቼ አሰናብቺው ይሉኛል። ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህሩ አድርጊ ወይም አታድርጊ አላሏትም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ታሪኩን ቀጠሉ።

ሰውየው ለመጋዘኖችና ለሱቆች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅቱን ያቋቋመው በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አብሮት የጀመረው መንበሩ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበር። ያላቸው ኮምፒውተር አንድ ስለነበረ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ከኋላው ቆሞ ስሕተቱን ይነግረዋል። ሥራው ሲሰፋ ዘርፌ የምትባል ሴት ቀጠሩ። ዘርፌ ሥራዋ የሚያስመሰግን፣ አፏ ግን የማያርፍ ሴት ነበረች። ክፍሉ ሲሞቅ ትናገራለች፤ ወንበሩ ወገብ ሲያሳምም ትናገራለች፤ ሰዎች አምሽተው ሲሠሩ «እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም እንዴ?» ትላለች። ሰውየው ይስቅና «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣሽብኝ?» ይላታል። ብዙውን ጊዜም ያለችውን ያደርጋል። ምሳ አብረው ይበሉ ነበር። ሁሉም እሱን «አንተ» ነበር የሚሉት።

እያደር ድርጅቱ አደገ። ትልልቅ ሰዎች በሽርክና ገቡበት። ፎቅ ላይ፣ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ቢሮ ተከራዩ። አዳዲስ ሠራተኞች መጡ፤ መንበሩም እንደ እነሱ በውል የሚሠራ ተቀጣሪ ሆነ፤ አዲስ ደንብም መጣ። የሠራተኛው እጅ ከኮምፒውተሩ ላይ ሲነሣ ምን ያህል እንደቆየ የሚከታተል ፕሮግራም ተጫነ። ምሳ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሥራው ሳይቋረጥ ሆነ። ሐኪም ቤት ለመሄድ ፈቃድ የጠየቀ ሰው ወሬው ለሸሪኮቹ ይደርሳል፤ ስሙ የተደጋገመ ደግሞ ውሉ አይታደስለትም። ሰውየው ይህን ሁሉ ሲፈቅድ ለክፋት ብሎ አልነበረም። ሸሪኮቹ «እንዲህ ካልሆነ አናድግም» ሲሉት ያቺ የኪራይ ክፍል ትታወሰውና ወደዚያ መመለሱ ያስፈራዋል። ሠራተኞቹም ቀስ በቀስ «እርስዎ» ይሉት ጀመር። መጀመሪያ ከበደው፤ ከዚያ ለመደው፤ በመጨረሻ ወደደው።

ያልተለወጠችው ዘርፌ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ሸሪኮቹ በተገኙበት ሠራተኛው በሙሉ ተሰበሰበ። ሰውየው የመጪውን ዓመት ዕቅድ አስረድቶ ሲጨርስ ዘርፌ ተነሣች።

«ሰው ሐኪም ቤት ልሂድ ሲል ለምን እንደ ሌባ ይታያል?» አለችው። «እዚህ መካከላችን በሽታውን ደብቆ የሚሠራ ሰው አለ። ነገ አንድ ነገር ቢሆን ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ማነው የታመመው?» አለ ከሸሪኮቹ አንዱ።

«ስም አልጠራም።»

ሸሪኮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሰውየው ልክ እንደሆነች ልቡ ያውቃል። ግን በእነዚያ ሰዎች ፊት የገዛ ሠራተኞቹን መምራት ያቃተው መስሎ መታየቱ አንገበገበው።

«በቃሽ!» አላት። «ሁልጊዜ አንቺ ነሽ። ያልተመቸው ሰው በሩ ክፍት ነው!»

ዘርፌ ለአፍታ ቆማ አየችው። እንደ ድሮው የሚስቅ መስሏት ይሆናል። አልሳቀም። ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ወጣች። የተከተላት የለም፤ ትንፍሽ ያለም የለም። ሰውየው «ነገ ትመለሳለች» ብሎ ራሱን አጽናና። በማግስቱ ስትቀር ሊደውልላት ስልኩን አነሣና «እስቲ ትንሽ ትቆይ፣ ትማርበት» ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ሲውል ሲያድር ደግሞ መደወሉ ራሱ አሳፈረው።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባው ጸጥ አለ። ሰውየው «ጥያቄ ያለው?» ሲል ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ «እናመሰግናለን» ሲል ያጨበጭባሉ። አልፎ አልፎ አንዱ «የቤተሰብ ጉዳይ ገጠመኝ» ብሎ ሥራ ይለቃል። ሰውየው ለሸሪኮቹ «አሁን ቤቱ ሰላም ሆነ» አላቸው፤ እነሱም ደስ አላቸው።

በመስታወቱ በኩል ሲያልፍ ብዙ ጊዜ የሚያየው ነገር ነበር። ወጣቶቹ ሠራተኞች በመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ከኮምፒውተሩ እያነበቡ በለሆሳስ ይነግሩታል። ሰውየው ድሮ ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ሲሠሩ ትዝ እያለው ልቡ ይሞቃል፤ «መንበሩ ልጆቹን እያስተማረልኝ ነው» ይላል። አንድ ጠዋት ኮሪደር ላይ ተገናኙ። ሰውየው እጁን ዘረጋለት። መንበሩ ቀጥ ብሎ አልፎት ሄደ። እጁ ባዶ አየር ላይ ቀረ። «ኮራብኝ ማለት ነው» አለ ሰውየው በሆዱ፤ ቂም ያዘ። ከዚያ በኋላ እሱም መንበሩን ሰላም ማለት ተወ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከባድ ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ሮጦ ሲወጣ መንበሩ ከተዘጋው የመስታወት በር ሥር ወድቆ፣ ከግንባሩ ደም ይፈስሳል። ሰውየው ተንበርክኮ መሐረቡን ቁስሉ ላይ ጫነበት።

«ምነው መንበሩ፣ በሩን አላየኸውም?»

መንበሩ መሬቱን በእጁ እየዳበሰ ሊነሣ ሞከረ። አጠገባቸው የቆመች አንዲት ወጣት ሠራተኛ ፊቷን በእጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

«አያይም እኮ» አለች። «እስከ ዛሬ እኛ ነን የምናነብለት።»

ሰውየው ዙሪያውን ተመለከተ። እንደ እሱ በነገሩ የደነገጠ ፊት ፈለገ፤ አላገኘም። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ሐኪሟ መርምራ ስታበቃ ግላኮማ የሚባል የዓይን ነርቭ በሽታ መሆኑን ነገረቻቸው። «በሽታው መጀመሪያ የእይታን ጎን ጎኑን ነው የሚወስደው። ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን በጠብታ ይያዝ ነበር። የሄደው ግን አይመለስም። የቀረችውም ጭላንጭል ናት» አለች።

ከክፍሏ ወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ሰውየው። «እኔና አንተ እንዲህ ነበርን?»

«ያን ጊዜ አንድ ዓይኔን ብቻ ነበር የጋረደኝ» አለ መንበሩ። «ልጆች አሉኝ፤ ውሌ እንዳይቋረጥ ፈራሁ። ለዘርፌ ብቻ ነገርኳት። ስሜን እንዳትጠሪ ብዬ ለመንኳት። የዚያን ዕለት ስለ እኔ ነበር የተናገረችው። እርስዎ ደህና ከመለሱላት ከስብሰባው በኋላ ራሴ መጥቼ ልነግርዎት ነበር።»

ሰውየውን ከሁሉ ይልቅ «እርስዎ» መባሉ አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። «ኧረ አንተ በለኝ!» ሊለው ፈለገ፤ በምን አፉ ይለዋል?

ዘርፌን ፈልጎ አገኛት። አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ስለ መንበሩ ሲነግራት እንባዋ መጣ።

«በደልኩሽ» አላት። «እሱንም በደልኩ። ይቅር በይኝና ተመለሺ። እንደ ድሮው ተናገሪኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ግን አልመለስም። ያኔ እንደዚያ የምጮኸው ቤቱ የእኔም መስሎኝ ነበር።»

ሰውየው ብቻውን ተመለሰ። ከሸሪኮቹ ጋር ተጣልቶ ያን መከታተያ ፕሮግራም አስነሣ፤ የሐኪም ፈቃድም ማንም እንዳይከለከል አደረገ። መንበሩንም ከሥራ አላስወጣውም፤ ጠዋትና ማታ በገዛ መኪናው ያመላልሰዋል። መንበሩም ሲወርድ «እግዚአብሔር ይስጥዎት» ይለዋል። የሠራተኞቹን እምነት ግን ሊመልስ አልቻለም። አንድ በአንድ እየጠራ «የሚከብዳችሁን ንገሩኝ፣ ስለ እግዚአብሔር» ብሎ ለመናቸው። ፈገግ እያሉ «ኧረ ሁሉም ጥሩ ነው» ይሉታል። እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

መምህር አጥናፉ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ልጄ፣ መንበሩን ያሳወረው ሕመሙ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ሕመሙን ሊነግረው የመጣውን አፍ የዘጋው ግን እሱ ነው። ያንቺም ሠራተኛ እንደ ዘርፌ ነው። አነጋገሩ ይጎረብጥ ይሆናል፤ አንዳንዴም ይሳሳት ይሆናል። ቢሆንም እስካሁን የሚናገረው ትሰማኛለች ብሎ ነው። አለቆችሽ እሱ ከሄደ ክፍልሽ ጸጥ ይላል ብለውሽ ከሆነ አልዋሹሽም፤ በእርግጥ ጸጥ ይላል። ያ ሰውም ያገኘው ይህንኑ ጸጥታ ነው። ነገ ስትገቢ ልጁን ለብቻው ጥሪውና 'ስለ ማን ነው የምትናገረው?' ብለሽ ጠይቂው። ስለ ራሱ ከሆነ ስሚው። ስለ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ያ ሰው እዚያው ክፍልሽ ውስጥ ተቀምጦ ምን እንደምትመልሺ እየጠበቀ ነው።»