የታማራይ ቢጫ ክር

በአንድ ወቅት፣ በታሚሎች አገር፣ ካንቺፑራም በምትባል የሐር ከተማ ቫዲቬል የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ስሟ ታማራይ። በከተማው ዳር ያሉ አርባ የሸማኔ ቤቶች ክር የሚወስዱት ከእሱ ነው፣ የሸመኑትንም የሚያስረክቡት ለእሱ ነው። ስለዚህ ቫዲቬል ሲያስነጥስ አርባ ቤት «ይማርዎ» ይላል።

ከሸማኔዎቹ ሁሉ እጁ የተመሰከረለት ኢላንጎ ነበር። ታማራይ የቀለም ናሙና ይዛ ወደ ቤቱ ትመላለሳለች። እሱ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ይሠራል፤ እሷ አፋፉ ላይ ተቀምጣ ቀይ ከአረንጓዴ ይስማማል፣ አይስማማም እያለች ትከራከረዋለች። እንዲህ ሲከራከሩ ሦስት ዓመት አለፈ። የቀለም ክርክር ይህን ያህል እንደማይፈጅ ታውቃላችሁ፤ ተዋደዋል።

«አባቴን አነጋግራቸው» አለችው አንድ ቀን።

«እሳቸው ከተቆጡ ክር የሚያጣው አርባ ቤት ነው» አላትና መወርወሪያውን ወረወረ።

ነገሩ በዚህ እንዳለ ቫዲቬል ልጁን ለሌላ ሐር ነጋዴ ልጅ፣ ለሰንዲል አጫት። የሠርጉን ሳሪ፣ ሙሽራዋ የምትጠቀለልበትን ረጅም የሐር ልብስ፣ እንዲሸምን የታዘዘው ማን ይመስላችኋል? አባት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለልጁ ምርጡን ሸማኔ መረጠላት፣ በቃ።

ኢላንጎ ሃያ አምስት ቀን ሸመነ። ሊያበላሸው ይችል ነበር፤ አላበላሸውም። እንዲያውም እንደዚያ ያለ ጥለት ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ነገር ግን አደረገ። በታሚሎች ዘንድ ጋብቻ የሚጸናው ሙሽራው ታሊ የሚባለውን የወርቅ ጌጥ፣ በእርድ በተነከረ ቢጫ የጥጥ ክር፣ በሙሽራዋ አንገት ላይ ሲያስር ነው። ኢላንጎ ከዚያ ዓይነት ክር አንድ ስንዝር ቆርጦ ከጥለቱ ጠርዝ ጋር ሸመነው። ለማንም አልተናገረም።

የሠርጉ ጠዋት ሺህ ሰው ዳሱን ሞላው። ካህኑ ለጋብቻው የተመረጠው መልካም ሰዓት ሊያልፍ ነው እያለ ያጣድፋል። ከበሮ መቺዎቹ ታሊው ሲታሰር ሊመቱ ዱላቸውን አንስተዋል። ሰንዲል ታሊውን እንደያዘ የታማራይን አውራ ጣት አየ። ጣቷ ከሳሪው ጠርዝ፣ ከአንዲት ቦታ አልነሣ ብሏል። የሐር ነጋዴ ልጅ ነውና ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው።

«ይሄ ጥጥ ነው» አላት በሹክሹክታ። «ሐር ውስጥ ምን ይሠራል?»

ታማራይ መዋሸት አልሆነላትም። «የሸመነው ሰው ነው ያስገባው። የምወደው እሱን ነው።»

«እኔን ለማግባትስ ፈቃደኛ ነሽ?»

«እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።»

ሰንዲል ተነሣ። ታሊውን መዳፏ ላይ አኖረና ሺህ ሰው እየሰማ፣ «ሳትፈልጊ አላስርልሽም» አላት። «በፈቃድሽ ከመለስሽልኝ ግን አስራለሁ፤ የዛሬውንም ዕድሜ ልኬን አላነሳብሽም።» እናቱ አንገቷን ደፋች፤ አጎቶቹ በር ላይ ያወለቁትን ጫማ ፍለጋ ሄዱ። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ቆመ።

ኢላንጎ ከዳሱ ውጭ ከሸማኔዎቹ ጋር ነበር። በተጣፈ ሸሚዙ በሐር ለባሾቹ መሀል አልፎ መጣ። «ዝም ያልኩት ለአርባው ቤት ብዬ ነው» አላት። «ክሩን ያስገባሁት ግን ለራሴ ብዬ ነው። አሁንም ለራሴ ብዬ እለምንሻለሁ።» እሱም እጁን ዘረጋ። 

ቫዲቬል ይጮሃል ብሎ ሰው ሁሉ ጠበቀ። አልጮኸም። መጀመሪያ ለሸማኔዎቹ፣ «ክር አልከለክላችሁም» አላቸው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«ሳሪውን ስረከብ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። ጥጡን አገኘሁት፤ ለምን እንደገባም አላጣሁትም። መቀሱ በእጄ ነበር፤ አልቆረጥኩትም። እኔም በወጣትነቴ ሸማኔ ነበርኩ፣ ልጄ። እግሬን ከዚያ ጉድጓድ ያወጣሁት አንቺ እንዳትገቢበት ነው። ታሊውን ለእኔ ስጪኝና ቤታችን እንግባ። ከእንግዲህ ሳትፈቅጂ ለማንም አልድርሽም።» እሱም እጁን ዘረጋ።

ታማራይ ሦስቱንም አየቻቸው። ኢላንጎን፣ «ያን ሁሉ ቀን ከምትሸምን አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?» አለችው። አባቷን፣ «ጥጡን ካገኙት እኔን ለምን አልጠየቁኝም፣ አባዬ?» አለችው። ወደ ሰንዲል ዞረች። ከሦስቱ የጠየቃት እሱ ብቻ ነው፤ የማትወደውም እሱን ነው።

«ታዲያ ለምን ራሷ አታስረውም?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ክሩ የሚቋጠረው ከማጅራት በኩል ነው፣ ያውም ሦስት ጊዜ፤ ያለ ሌላ ሰው እጅ አይሆንም።

መልካሙ ሰዓት ሊያልፍ ነው። የከበሮ መቺዎቹ ክንድ ዝሏል። ታሊው አሁንም መዳፏ ላይ ነው፤ የምትወደው፣ የጠየቃትና የወለዳት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ምን እንዳደረገች እኔ አውቃለሁ፤ ግን መጀመሪያ እናንተ ፍረዱ። ታማራይ ታሊውን በማን እጅ ታኑረው?