ሕፃን ያቀፈ እጅ

አንድ ሰው ነበረ። ትርሲት ልጄ፣ «ደንበኛ ሥራዬን ሲነቅፍብኝ ልቤ ለምን ይቆስላል? ሥራዬን መውደድ ልተው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነውና ረጋ ብለሽ ስሚኝ።

ይህ ሰው እንዳንቺው ድረ ገጽ ሠሪ ነበር። አለቃ የለውም፤ ቤቱ ተቀምጦ፣ ሥራ ሲመጣለት እየተቀበለ ይኖራል። ቀለም ማዋደድና ፊደል መምረጥ ያውቅበታል። ማወቁንም ያውቃል፤ «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት እሱ ቤት አልደረሰም። አንዱን ገጽ በጨረሰ ቁጥር ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ሥራውን እያየ ብቻውን ፈገግ ይላል። ይህን እንኳ አልነቅፍበትም። ሥራውን የማይወድ ሠራተኛ ምን ሠራተኛ ነው?

አንድ ቀን የሕፃናት ክሊኒክ ያላት ሐኪም ጠራችው። እናቶች የታመመ ልጅ ይዘው ጎሕ ሳይቀድ ደጇ ላይ ይሰለፋሉ፤ ብዙዎቹም ተራ ሳይደርሳቸው ይመለሳሉ። ከቤታቸው ሆነው በስልካቸው ተራ የሚይዙበት ገጽ እንዲሠራላት ለመነችው። እሱም በሚወዳቸው ሥዕሎች አስጊጦ ሠራው። እንደዚያ ያማረ ነገር ከዚያ በፊት ሠርቶ አያውቅም።

ሰልፉ ግን አልቀነሰም። ሐኪሟ ደውላ፣ «ወንድሜ፣ ገጹስ ያምራል፤ እናቶቹ ግን አልቻሉበትም። እንዲህ ከሆነ ብተወው ይሻለኛል» አለችው።

ሰውየው ከፋው። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል፤ አምሮ የተሠራውን ደግሞ ምን ይሉታል? ሰዎቹ መማር አለባቸው» አለና፣ አጠቃቀሙን ሊያስተምር በማግስቱ ክሊኒኩ ሄደ።

ደጁ ላይ ትኩሳት የያዘው ሕፃን የታቀፈች ሴት አገኘ። በስልኳ ተራ ለመያዝ እንድትሞክር ጠየቃት። ሴትየዋ በአንድ እጇ ልጇን ደግፋ፣ በሌላው እጇ ገጹን ከፈተች። የተራ መያዣው ቁልፍ ከላይ ጥጉ ላይ ነው፤ አውራ ጣቷ አልደረሰበትም። ልትደርስበት ስትንጠራራ ሕፃኑ ተንሸራተተ። ስልኩን ለቅቃ ልጇን ያዘች።

ሰውየው ስልኩን ከመሬት አንሥቶ፣ «እኅቴ፣ በሁለት እጅ ነው እኮ የሚነካው» አላት።

«ሁለተኛው እጄማ ልጅ ይዟል» አለች ሳትቆጣ። «እስቲ እሱን ያዝልኝና ልሞክረው።»

ልጅ ታቅፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ እየፈራ ተቀበላት። ሕፃኑ እንደ ፍም ይፋጃል። ትንሽ ጭንቅላቱ ሰውየው ክንድ ላይ ዘንበል አለ። ሴትየዋ ስልኩን ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ፣ «ቆይ፣ አንዴ እኔ ልሞክር» አላት። ልጇን እንደታቀፈ የገዛ ሥራውን በአንድ እጁ ሊያዝዘው ሞከረ። ቢል ቢሠራ እንቢ አለው። ጣቱ ከሚወዳቸው ሥዕሎች አንዱን ይነካና ሌላ ገጽ ይከፈትበታል፤ ሕፃኑ ያቃስታል፤ እሱን ላብ ያጠምቀዋል።

ያን ጊዜ ገባው። ገጹን የሠራው ደኅና ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁ ባዶ ሆኖ፣ የሚያቃስት ልጅ ሳይኖረው ነበር። ለካ ለራሱ ኖሯል የሠራው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። ሐኪሟ እስክትጠራቸው ድረስም ሕፃኑን ከክንዱ አላወረደም። እናቲቱ የዛለ ክንዷን እያሻሸች አጠገቡ ተቀመጠች።

ቤቱ ሲመለስ የእኅቱን ልጅ ተዋሰና በግራ ክንዱ ታቅፎ፣ ገጹን እንደ አዲስ ሠራው። የሚሳሳላቸውን ሥዕሎች አወጣ። ቁልፉን ሰፋ አድርጎ ከታች፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ አኖረው። ገጹ የቀድሞውን ያህል አያምርም። የክሊኒኩ ሰልፍ ግን ከዚያ ወዲያ ሳሳ፤ የታመሙት ልጆችም ቤታቸው ተኝተው ተራቸውን ጠበቁ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ሥራሽን መውደድ አትተዪ፤ ማን ተዪ አለሽ? ነገር ግን ሥራሽን ደረትሽ ላይ አጥብቀሽ ስለታቀፍሽው፣ የነካው ሁሉ አንቺን የመታሽ ይመስልሻል። ሰው «አልቻልኩበትም» ሲልሽ መስደቡ አይደለም፤ እጁ የያዘው ነገር አለ። ነገ ወደዚያ ወደ ነቀፈሽ ደንበኛ ሂጂና፣ ስለ ሥራሽ ከመናገርሽ በፊት ሸክሙን ተቀበይው።