አልዞርም ያለው ጎማ

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። መሐል ላይ የሚያቋርጠኝ ሰው ካለ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ የምትጎዱት እናንተው ናችሁ። ይህ ተረት ደግሞ በሄደ ቁጥር እየረዘመ ስለሚመጣ ትንፋሻችሁን ቆጥቡ።

አዳማ ውስጥ ጉልላት የሚባል ሰው ነበረ። ጉልላት በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ይወዳል። አንዷ እህቱ ትርሲት ናት፤ ሌላዋ ዝቅ ያለች፣ ቀይ፣ ስትነሣ የምታጓራ መኪናው ናት። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ትርሲትን ያሳደጋት እሱ ነው። አሁን ልትዳር አንድ ቀን ቀርቷታል። የሙሽራው ወገኖች ታዲያ «ለመኪናው አታስቡ፤ የአጎታችን ልጅ ትልቅ ነጭ መኪና አለው» አሉ። ጉልላት ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። «እህቴ ካሳደግኳት ቤት በሰው መኪና አትወጣም! ዛሬ ማታ መኪናዬን አሳምሬ ካላሳየኋችሁ ያን ጊዜ ነጩ ይምጣ» አለ።

ማሳመር ሲባል ጉልላት የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ትልልቅ ቸርኬ። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው በዐሥራ ስድስት ኢንች ቸርኬ ነው፤ እሱ ፊት የሚያሳይ ዐሥራ ዘጠኝ ገዛላት። በላዩ የሚገባው ጎማ ትከሻው፣ ማለት የጎኑ ቁመት፣ ሠላሳ አምስት ይሁን ወይስ አርባ አምስት ተብሎ ሲጠየቅ፣ የአዳማን ጉድጓድ አሰበና፣ ደግሞም ወፈር ያለ ነገር ስለሚወድ፣ «አርባ አምስት!» አለ። አስገጠመ፣ ከክሪክ አወረደ፣ መሪውን ጠመዘዘ። መኪናዋ «ኪርርር» አለች።

«ዙር እንጂ!» አለው ጉልላት ጎማውን።

«አልዞርም» አለ ጎማው። «ከላዬ የተደፋው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው፣ ትከሻዬን እየላጠኝ ነው። እሱ ከንፈሩን ካልሰበሰበ ስንዝር አልሄድም።»

ጉልላት ተንበርክኮ ፓራፋንጎውን ለመነ። «ፓራፋንጎ ሆይ፣ ከንፈርህን ትንሽ ሰብሰብ አድርግ። ጎማው ቦታ ካላገኘ አይዞር፤ እኔም እህቴን አልወስድ።»

«የእኔ ከንፈር በልመና አይሰበሰብም» አለ ፓራፋንጎው። «በመዶሻ ነው የሚሰበሰብ። እስክመታ ድረስ እንዲሁ አፌን ከፍቼ እቆማለሁ።»

መዶሻው ያለው ከላሜራ ሠሪው ከጋሽ ላቀው ዘንድ ነው። ጋሽ ላቀው መዶሻቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከጋራዣቸው በር ላይ ቆመዋል። ጉልላት እያለከለከ ደረሰ። «ጋሼ፣ መዶሻዎ ይምታልኝ! ፓራፋንጎው ካልተመታ አይሰበሰብ፤ ጎማው ቦታ ካላገኘ አይዞር፤ እኔም እህቴን አልወስድ!»

«መዶሻዬስ አይመታም» አሉ ጋሽ ላቀው። «እንዴት ያለ ነገር ነው የምታመጣብኝ ልጄ? ብመታው ቀለሙ ይፈረፈራል። ነገ ሙሽራ ስትወጣ ሰው የሚያየው የተላጠ ብረት ነው። ማን ሠራው ሲባል ላቀው ይባላል። ቶሌራ እቀባዋለሁ ብሎ ቃል ይግባና አሁኑኑ እመታልሃለሁ።»

ቶሌራ ቀለም ቀቢ ነው፤ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይልጣል። ከሰማይ በታች የሚያስቸኩለው ነገር ያለ አይመስልም። «ቶሌራ ወንድሜ፣ ቀባልኝ!» አለ ጉልላት። «መዶሻው ቀለም ካላየ አይመታ፤ ፓራፋንጎው ካልተመታ አይሰበሰብ፤ ጎማው ቦታ ካላገኘ አይዞር፤ እኔም እህቴን አልወስድ!»

«እኔ ምን ከፋኝ፣ እቀባለሁ» አለ ቶሌራ። «ግን የቀለም መርጫዬን በምን ልንፋው? በአፌ? ኮምፕረሰሬ ከተቃጠለ ሰነበተ። የምዋሰው የጎሚስታውን ነው፤ እሱን ሂድና አናግረው። ብርቱካን ትፈልጋለህ?»

ጉልላት ብርቱካን አልፈለገም። ሮጦ ወደ ኮምፕረሰሩ ሄደ። ኮምፕረሰሩ ሆዱን ነፍቶ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት ተቀምጧል። «ኮምፕረሰር ሆይ፣ ንፋልኝ! ቶሌራ አየር ካላገኘ አይቀባ፤ መዶሻው ቀለም ካላየ አይመታ፤ ፓራፋንጎው ካልተመታ አይሰበሰብ፤ ጎማው ቦታ ካላገኘ አይዞር፤ እኔም እህቴን አልወስድ!»

«ታስሬ እንዴት እነፋለሁ?» አለ ኮምፕረሰሩ። «ቁልፉ ከጌታዬ ኪስ ነው። ጌታዬ ደግሞ ዛሬ ፊቱ ጥሩ አይደለም፤ ነግሬሃለሁ።»

ጌታው ጎሚስታው ጋሽ ድንበሩ ናቸው፤ የጉልላት የግድግዳ ጎረቤት። የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተዋል።

«ጋሽ ድንበሩ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን» አሉ ሳይዞሩ።

«ኮምፕረሰሩን ለአንድ አፍታ ቢከፍቱልኝ? ኮምፕረሰሩ ካልተከፈተ አይነፋ፤ ቶሌራ አየር ካላገኘ አይቀባ፤ መዶሻው ቀለም ካላየ አይመታ፤ ፓራፋንጎው ካልተመታ አይሰበሰብ፤ ጎማው ቦታ ካላገኘ አይዞር፤ እኔም እህቴን አልወስድ።»

«እህትህን ወዴት ነው የምትወስዳት?»

«እንዴ ጋሼ! ለሠርጓ ነዋ!»

«ሠርግ አለ እንዴ?» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «በግድግዳው ሳዳምጥ ድንኳን ሲተከል፣ ድስት ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ዕቃ እየለወጡ ነው ብዬ።»

ጉልላት ደነገጠ። የጥሪ ካርዱን ለሰፈሩ ሁሉ ያደለው እሱ ነው፤ የጋሽ ድንበሩን በር ግን ዘሎታል። «ጋሼ፣ ካርድ እኮ ለሩቅ ሰው ነው! እርስዎ ቤተኛ ነዎት፣ ለእርስዎ ካርድ መስጠት ነውር ነው ብዬ ነው!»

«ቤተኛ!» አሉና አሁን ዞሩ። «ቤተኛ እየተባልኩ ስንቱ ሠርግ አለፈኝ። ሳልጠራ ብሄድ ማን ጠራው እባላለሁ፤ ብቀር ኮራ እባላለሁ። በገዛ ቤቴ ተቀምጬ የሰው ዘፈን ማዳመጥ ሰልችቶኛል። አልከፍትም። የምትጠራኝ ራሷ ሙሽራዋ ናት፤ አንተንማ ከእንግዲህ አልሰማህም።»

እውነቱን ልናገር? እኔ በዚህ ነገር ከጋሽ ድንበሩ ጋር ነኝ። ቤተኛ ማለት ሥራ ሲኖር የሚጠራ፣ ድግስ ሲኖር የሚረሳ ሰው ከሆነ ቤተኛነት ይቅርብኝ። ግን ተረቱን እናስኪደው።

ጉልላት ወደ ፀጉር ቤቱ በረረ። ትርሲት ራሷን በሙሉ በቢጎዲን ተጠቅልላ፣ ማድረቂያው ሥር ቁጭ ብላለች።

«ትርስዬ ተነሺ! ጋሽ ድንበሩን ጥሪልኝ!»

«በዚህ ራስ?» አለች ትርሲት። «አብደሃል? ቢጎዲኑ ሳይፈታ ከዚህች ወንበር አልነሣም። ሰው ምን ይለኛል?»

ጉልላት እንግዲህ ያልተናገረው ነገር አልቀረም። ፀጉር ቤቱን የሞላው ሴት እያየው በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። «አንቺ ካልተነሣሽ ጋሽ ድንበሩ አይጠሩ፤ ጋሽ ድንበሩ ካልተጠሩ አይከፍቱ፤ ኮምፕረሰሩ ካልተከፈተ አይነፋ፤ ቶሌራ አየር ካላገኘ አይቀባ፤ መዶሻው ቀለም ካላየ አይመታ፤ ፓራፋንጎው ካልተመታ አይሰበሰብ፤ ጎማው ቦታ ካላገኘ አይዞር፤ እኔም…»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጉልላት ግን እዚያች «እኔም» ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። «እኔም ነገ ቆሜ አይሻለሁ። ነጩ መኪና ይወስድሻል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ አይሻለሁ» አለ።

ሳቁ ጠፋ። ትርሲት ወንድሟ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። አሁን ዐይኑ ቀልቶ አየችው። ማድረቂያውን ከራሷ ላይ ገፋች፣ ነጠላዋን ጣል አደረገች፣ ከነቢጎዲኗ ወጣች።

በጋራዦቹ መሐል ስታልፍ ሥራ ቆመ። የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባ ነፉላት። እሷ አንገቷን ሳትደፋ ጋሽ ድንበሩ ፊት ቆመች። «ጋሽ ድንበሩ፣ ነገ ልዳር ነው። እርስዎ ከሌሉ ድንኳኑ ጎዶሎ ነው። ይምጡልኝ፣ ይመርቁኝ።»

ጋሽ ድንበሩ ቢጎዲኖቹን ትክ ብለው አዩ። «እንዲህ ሆነሽ ነው የመጣሽው? እኔን ልትጠሪ?»

«እንዲህ ሆኜ።»

«እመጣለሁ እንጂ! የማልመጣ ማን ሆኜ!» አሉ። ከጎማው ክምር ላይ እንደ ወጣት ዘለው ተነሡ፤ ቁልፉን አወጡ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደው ጎንበስ ብለው ጎማው ላይ የተጻፈውን አነበቡና ቀና አሉ።

«ጉልላት፣ ቸርኬውን በሦስት አሳድገህ ትከሻውን ሳትቀንስ ቀረህ? ለዚህ ነው መኪናህን የምታስደበድበው? ሠላሳ አምስት ብታደርገው እኮ ከአሮጌው ጎማ ጋር ቁመቱ እኩል ይመጣል።»

«ጋሼ! ታዲያ ይህን እያወቁ እንዴት ዝም አሉኝ?»

«ማን ጠራኝ?» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

ሠላሳ አምስቶቹ ጎማዎች የት የነበሩ ይመስላችኋል? ጋሽ ድንበሩ ተቀምጠው ሲያኮርፉ የዋሉባቸው ናቸው። እንግዲህ ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ነገሩ ሊፈታ ነው። ትርሲት ተነሣች፤ ጋሽ ድንበሩ ተጠሩ፤ ተጠሩና ከፈቱ፤ ኮምፕረሰሩ ተፈታና ነፋ፤ ቀጭኑ ጎማ ተነፋና ገባ፤ ፓራፋንጎው ከንፈሩ ሳይነካ ተረፈ፤ መዶሻው ትከሻ ላይ እንደተጋደመ ቀረ፤ ቶሌራ ብርቱካኑን ጨረሰ፤ ጎማው ዞረ! ነጭ መኪና አለን ያሉት ሰዎች ማታ መጥተው አዩና «እሺ፣ ይሁን» አሉ።

ጋሽ ድንበሩ ግን ጉልላትን ለብቻው ጠርተው አስጠነቀቁት። «ቀጭን ትከሻ ጉድጓድ አይችልም። እንደ ወትሮህ ብትበር ቸርኬህ ይጣመማል። ቀስ ብለህ ንዳ።»

እሑድ ሆነ። ትርሲትን መርቀው ወደ መኪናዋ ካስገቧት መሐል ጋሽ ድንበሩ ከፊት ነበሩ። ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ፣ ጉልላት መሪውን ያዘ። በሕይወቱ ቀስ ብሎ ነድቶ የማያውቅ ሰው እንቁላል የጫነ ይመስል እየተንፏቀቀ ሄደ። ጉድጓድ ሲያይ ይቆማል፤ ይዞራል፤ እንደገና ይንፏቀቃል። ከኋላ አጃቢው ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው።

«ትንሽ ፈጠን ብንል?» አለ ሙሽራው።

«ጎማው አይፈቅድም» አለ ጉልላት።

እንዲህ እያሉ አዲሱ አስፋልት ላይ ወጡ። ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው፤ ባዶ ነው። ጉልላት ፍጥነት አልጨመረም። ትርሲት በመስተዋቱ ውስጥ ዐይኑን አየችው።

«ወንድምዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚህ ጋ እኮ ጉድጓድ የለም።»

«አውቃለሁ» አለ ጉልላት።